ቃጫ የታሰረበት መንጠቆ

በዚያ ቀን ውኃው ዳር የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ባለቤቴ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጄ፣ እኔ፣ እዚያው ያገኘነው አንድ መረብ ጣይ እና ከሀደሮ በኮንትራት የያዝነው የሚኒባስ ሹፌር። ሹፌሩን የቆጠርኩት አብሮን ስለሄደ ነው እንጂ መኪናውን ጥላ ሥር ካቆመ በኋላ ወንበሩን ለጥጦ እስክንመለስ ተኝቶ ነው የዋለው። ሁለቱን ትንንሽ ልጆቼን ጎረቤት ትቻቸው ነበር። ውኃ ያለበት ቦታ ሦስት ልጅ መጠበቅ ለእኔ ከአቅሜ በላይ ነው።

አባቴ ወንድሜን ካነጋገሩት አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር። ወንድሜ ሃያ ዓመት ሳይሞላው አንድ ማለዳ «ሰርተፍኬቴን ላወጣ ሆሳዕና ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ጃጁራ ካለው ቤታችን ወጣ። አባቴ አመሻሽ ላይ ሊቀበሉት ፈረስ ይዘው መንገድ ወጡ። የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላም ቆመው ጠበቁት። በማግስቱም ወጡ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጓደኛው መጥቶ፣ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ መጀመሩን ነገራቸው። ከዚያ ሰባት ወር ድምፁ ጠፋ። ኬንያ ነው አሉን፣ ታንዛኒያ ታስሯል አሉን፣ ማላዊ ታይቷል አሉን። በመጨረሻ ከደቡብ አፍሪካ የደወለ ቀን እኔ አለቀስኩ። አባቴ ግን ስልኩን አልተቀበሉኝም።

«በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባባ።»

«ይመስገን» ብለው እንሰታቸውን ሊያዩ ወደ ጓሮ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የእሱን ወሬ የሚሰሙት ከእኔ አፍ ብቻ ሆነ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አባቴ ሆሳዕና ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ተሠሩ። የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ የሚያደርግላቸው ሰው ጃጁራ ስላልነበረ ሀደሮ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ የመድኃኒት ወረቀት ግን ሁለቴ አንብቤ፣ ለልጄም አስነብቤ፣ ባለቤቴንም ጠይቄ ነው መድኃኒቱን የምሰጠው። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ «አንድ ጠብታ የሚለውን ስንት ጊዜ ላንብብልሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። የአባቴ ዓይን በደንብ ዳነ።

እሳቸው እኔ ጋ ሳሉ ወንድሜ መጣ። የመኖሪያ ወረቀቱ ተስተካክሎለት፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ፣ ሱቁን ለጓደኛው አደራ ብሎ ለአንድ ወር ነበር የመጣው። አባቴ ጓሮ በር ላይ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠው ነበር። ወንድሜ እግራቸው ላይ ወደቀ። አላባረሩትም፤ ተነስተውም አልሄዱም። ወደ እኔ ዞረው «ለእንግዳሽ ወንበር ስጪው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ «እንግዳሽ» ሆነ። «ለእንግዳሽ ውኃ ስጪው።» «እንግዳሽ በላ ወይ?» «እንግዳሽ ጫማውን ዝናብ ላይ ትቶታል፣ ንገሪው።» ወንድሜ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ እየሰማ፣ እኔ ደግሜ እነግረዋለሁ። እሱም «እሺ በያቸው» ይለኛል። እኔም «እሺ ብሏል» እላቸዋለሁ። ልጄ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር፤ ቆይታ መሳቋን ተወች።

ባለቤቴ ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት፣ ከጃጁራ አንድ። አባቴ በክብር ተቀበሏቸው፣ ሁሉንም አዳመጡ፣ ከዚያ «ይቅር ካልኩት ቆይቷል። ቂም የለኝም። የምነግረው ነገር ግን የለኝም» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይቅር ያለን ሰው ምን ብለው ይለምኑታል? ጸልየው ሄዱ።

ችግሩ ግን ምርቃቱ ነበር። በእኛ ቤት ሩቅ መንገድ የሚሄድን ልጅ አባቱ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ በገዛ አፉ መርቆት ነው የሚሸኘው። «ንገሪው» ተብሎ በእህት በኩል የሚደርስ ምርቃት የለም። የመመለሻው ቀን ስድስት ቀን ሲቀረው ወንድሜ እንሰት ውስጥ ተከትሎኝ ገባ።

«እህቴ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ሳልመረቅ ሄጄ መንገዱ ምን እንደሆነ አይቼዋለሁ» አለኝ። «አሁንም እንደዚያው ልሂድ?»

«ስድስት ቀን አለ» ብቻ አልኩት።

ወንድሜ ከሻንጣው ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን ይዞ ነበር የመጣው። በማግስቱ ጠዋት ለልጄ ከፈተላት። ውስጡ የተደረደሩት የጣት ርዝመት ያላቸው የፕላስቲክ ዓሣዎች ናቸው፤ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ብርማ፣ ሁለቱ ቡናማ፤ የተሣለ ዓይን አላቸው። ከአገጫቸው ሥር የጥፍር ያህል ምላስ ወጥቶላቸዋል።

«እዚያ ባስ የሚባል ዓሣ አለ» አለን። ሱቁ ያለበት ከተማ አጠገብ ግድብ አለ፤ ከእሱ ዳቦ የሚገዛ አንድ ጡረተኛ ሰውዬ እሁድ ከሰዓት እየወሰደ አስተምሮታል። «ባስን ሜዳ ውኃ ላይ አታገኙትም። የወደቀ ግንድ ሥር፣ ሣር ውስጥ ተደብቆ ሌላ ትንሽ ዓሣ እስኪያልፍ ነው የሚጠብቀው። እነዚህን ስትጎትቷቸው ይህቺ ምላስ ውኃውን ትገፋና ታጠልቃቸዋለች። ምላሳቸው ረጅም የሆኑት ሩቅ ይወርዳሉ። የእነዚህ ግን አጭር ስለሆነ ከአንድ ክንድ በላይ አይጠልቁም። ስለዚህ ከግንዱ በላይ በላይ፣ ቅርንጫፉን እየነኩ ያልፋሉ። ቅርንጫፍ ሲነኩ መጎተት ታቆማላችሁ፤ ይንሳፈፋሉ። ያን ጊዜ ነው የሚመታው።»

«እዚህ ባስ የለም» አለ ባለቤቴ።

«ባስ የለም፣ ቢልጫ ግን አለ። እሱም ትንሽ ዓሣ ይበላል። ኦሞ ላይ የተሠራው ግድብ ያሰጠመው ዛፍ ደግሞ ሞልቷል።»

አባቴ ከጓሮ በር ሆነው ሰምተው ነበር። «የኦሞን በረሃ ውኃ ሞላው ሲሉ እሰማለሁ» አሉ ለማንም ሳይሉ። «በጉብዝናዬ ከብት ይዤ ወርጄበታለሁ። አሁን ዓይኔም ስላለ ባየው ደስ ይለኛል።» ባለቤቴ በዚያው ዕለት መኪና ተነጋገረ። ቅዳሜ እንድንሄድ ሆነ። ወንድሜ ማክሰኞ ነበር ከአገር የሚወጣው።

አሁን የእኔን ሥራ ልናገር። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ወጥተው ሳለ ያን ሳጥን ከፈትኩት። እያንዳንዷ የፕላስቲክ ዓሣ ሆዷ ሥር አንድ፣ ጭራዋ ላይ አንድ መንጠቆ አላት፤ እያንዳንዱ መንጠቆ ሦስት ጥርስ አለው። አንዱን በጣቴ ጫፍ ነካሁት፤ ወዲያው ደማሁ። ያ መንገድ እስከ ውኃው ድረስ የሚያንገጫግጭ ነው። ሳጥኑ ቢከፈትስ? የልጄ እጅስ? ያ ነገር በአየር ሲወረወር የአባቴን አዲስ ዓይን ቢያገኝስ? ባለቤቴ ብነግረው እንደሚስቅብኝ አወቅሁ። ስለዚህ ከፋቅነው እንሰት የተረፈኝን ቃጫ አመጣሁ፣ አርጥቤ አለሰለስኩት፣ የመንጠቆዎቹን ጥርስ ሁሉ አንድ በአንድ ጠቅልዬ አሰርኳቸው። ጫፉን እንደ ጭራ ለቀቅ አደረግሁት፣ ለመፍታት እንዲመች። ጥሩ አድርጌ ነበር ያሰርኩት። ውኃው ዳር ደርሰን ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሳጥኑን ወደ ቦታው መለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቆጮውን በኮባ ጠቅልዬ፣ አይብና ጎመኑን በሳህን፣ የአባቴን ጠብታ በውኃ ባራስኩት ፎጣ ይዤ ወጣን። ከሀደሮ ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ጆሮዬ ተደፈነ። አባቴ ከፊት ወንበር ሆነው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ «ያ ተራራ እዚያ ነበር? ድሮ ጭጋግ ነበር የሚመስለኝ» ይላሉ። ሦስት ጊዜ «መነጽርዎን አያውልቁ» አልኳቸው። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ ጀርባቸውን ያያል።

ውኃው ታየን። ሸለቆው ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቷል። ዳር ዳሩን በቁማቸው የሰጠሙ ዛፎች አሉ፤ ቅጠል የላቸውም፣ ነጭ ሆነዋል፣ ከውኃው በላይ የቀረው ጫፋቸው ብቻ ነው። አባቴ ረጅም ጊዜ አዩት። «ያ ግራር ሥር ነበር የምናድረው» አሉ። የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበሩም።

መረብ ጣዩን እዚያ መረቡን ሲጠግን ነው ያገኘነው፤ የጠምባሮ ሰው ነው፣ ባለቤቴን ያህል ዕድሜ ያለው። ሰላምታ እንደተለዋወጥን የመጀመሪያ ጥያቄዬ አዞ አለ ወይ የሚል ነበር።

«አለ» አለኝ እንደ ቀላል ነገር። «እዚህ ብዙ አይመጣም። ብቻ ውኃው ውስጥ አትቁሙ።»

ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ስለ ቃጫው የምናገረው ከራሴ ጠፋ። ልጄን በእጇ ይዤ ከውኃው ሃያ እርምጃ ራቅሁ።

ወንድሜ ያመጣው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሁለት ነበር። አንዱ ላይ ወንድሜ ገና ሐሙስ ማታ የራሱን አረንጓዴ ዓሣ አስሮ ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ስላልነበረች ነው ያመለጠችኝ። ሌላውን ዘንግ አባቴ ከወንድሜ እጅ እንደማይቀበሉ ስለሚታወቅ፣ ባለቤቴ ነው ከሳጥኑ ቡናማዋን አውጥቶ ያሰረላቸው። ቃጫውን አይቶታል። ከውጭ አገር እንደዚያው ሆኖ የመጣ ጌጥ መስሎት ነው ዝም ያለው። በእንሰት አገር ተወልዶ ያደገ ሰው!

መረብ ጣዩ የወንድሜን ዓሣ እያገላበጠ አየ። «ይቺን የልጅ መጫወቻ ዓሣው ይበላታል?»

«ይበላታል» አለ ወንድሜ።

«ርቦት ነው ወይስ ሞኝ ሆኖ?»

«ተናዶ። ደጁ ላይ ሲያልፉበት ይናደዳል።»

«እንግዲያው አንተም ደጁን አንኳኳ። እኔ እዚያ ዛፍ ውስጥ መረብ ብጥል ተቀዳዶ ነው የሚወጣልኝ፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ ውሰደው፣ ፈቅጄልሃለሁ።»

ወንድሜ ወረወረ። ሁለተኛው ላይ አረንጓዴዋ ቅርንጫፍ ያዘች። ጎተተ፣ ዞረ፣ አጎነበሰ፤ በስንት ትግል አስለቀቃት። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ያዘች። አባቴ ዘንጉን ባለቤቴ እንዳሳያቸው ይዘው፣ መጀመሪያ እግራቸው ሥር፣ ቀጥሎ ጥቂት ራቅ አድርገው፣ ቆይተው ደህና አድርገው መወርወር ጀመሩ። የእሳቸው ዓሣ ዛፉ መሃል ገብታ፣ ግንዱን ኳ፣ ኳ እያደረገች፣ ምንም ሳይነካት ትመለሳለች።

«ለእንግዳሽ ንገሪው» አሉኝ፣ ከሃያ እርምጃ ርቀት፣ «የእሱ ዛፍ ነው የምትይዘው። የእኔ ሄዳ ትመጣለች።»

«አባባ የአንተ ዛፍ ነው የምትይዘው ብለዋል!» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ከእሳቸው አራት እርምጃ አይርቅም። «ሰምቻለሁ በያቸው። ቅርንጫፉን ስትነካ መጎተት ያቁሙ፣ ትንሳፈፍ።»

«ስትነካ ያቁሙ ብሏል!»

«ስልክ እንኳ እንዲህ አያደክምም» አለ ባለቤቴ።

አባቴ ግን አቆሙ። ዓሣዋ ግንዱን ነካች፣ እሳቸው ክሩ የሚጠመጠምበትን መዘውር ማዞር ተዉ፣ እሷ በቀስታ ወደ ላይ ወጣች። ወዲያው ውኃው ተገለበጠ። ዘንጉ አንድ ጊዜ ጎበጥ አለና ተመልሶ ተቃና። ባዶ።

«ነካ!» አሉ። «ንገሪው፣ ነክቶ ለቀቀ!»

እንደዚያ ሦስት ጊዜ ሆነ። ሦስት ጊዜ ዓሣው ይመታል፣ ሦስት ጊዜ ይለቃል። ወንድሜ በእኔ በኩል ቀስ ይበሉ አላቸው፣ ቀጥሎ ፈጠን ይበሉ አላቸው። መረብ ጣዩ ጥገናውን ትቶ ቁጭ ብሎ ያያል። «ዓሣው ቀምሶ ጨው የለውም ብሎ ነው የሚተፋው» አለ። በመሃል የወንድሜ አረንጓዴ ዓሣ ቅርንጫፍ ውስጥ ተበጥሳ ቀረች። ሌላ ሊያስር ሳጥኑን ከፈተ፤ ብርማዋን አነሳት፤ ወደ ፀሐይ አድርጎ አያት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ማነው ይህን ያሰረው?»

ባለቤቴ «ጭራ አይደለም እንዴ?» አለ።

ቀረብ አልኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «የልጅቷ እጅ... የአባባ ዓይን... ልነግራችሁ ነበር፤ አዞ ሲል ጊዜ ረሳሁት።»

ከዚያ አባቴ የእሳቸውን ዓሣ ጎትተው አወጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ ቃጫውን በጣታቸው ዳሰሱት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር። ድምፃቸው እስኪጠፋ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ዓይንዎ! ዓይንዎን አይሹት!» አልኳቸው።

«አፉን አስራ ዓሣ ያዙ አለችን» አሉ። «ያ ምስኪን ዓሣ ሦስት ጊዜ ቃጫ አኘከ!»

መረብ ጣዩ መሬት ላይ ተንከባለለ። ባለቤቴ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያወራል፤ ጌጥ መስሎት ያሰረው እሱ መሆኑን ግን እኔ ነኝ የምጨምረው።

ሳቁ ሲበርድ አባቴ ዓሣዋን እያገላበጡ አዩ። በወጣትነታቸው ገመድ ይፈትሉ ነበር፤ ቋጠሮ ሲያዩ ያስባሉ። «ለእንግዳሽ ንገሪው» አሉ፣ «የእሱ ያልታሰረው ዛፍ ይይዛል። የእኔ የታሰረው ዓሣ አይይዝም። የሆዱ መንጠቆ ከፊት ነው፣ እንጨቱን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። እሱ እንደታሰረ ይቆይ። የጭራውን ብቻ እንፍታው።»

ወንድሜ ሳልነግረው መልስ ሰጠ። «ልክ ናቸው በያቸው። ያስተማረኝ ሰውዬ ይህን አላሰበውም።»

«ልክ ነዎት ብሏል» አልኩ። አባቴ የጭራውን ቃጫ ራሳቸው በጥርሳቸው ፈቱት፣ እኔ «በጥርስዎ አይሆንም!» እያልኩ።

ከዚያ ወረወሩ። ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን የቆሙበት ጠባብ ቦታ አለ፤ እዚያ መሃል ነው የገባችው። ግንዱን ስትነካ ከቆምኩበት ይሰማኛል። አቆሙ። ተንሳፈፈች። አንዴ መዘውሩን እንዳዞሩት ዘንጉ ጎበጠ፤ እንደ ጎበጠ ቀረ።

«ያዘኝ!» ብለው ጮሁ። «አንተ ልጅ፣ ያዘኝ! ምን ላድርግ?»

«አይልቀቁ አባባ! ዘንጉን ወደ ታች! ወደ ታች ያድርጉት!»

«እየሄደ ነው እኮ!»

«ይሂድ፣ ትንሽ ይሂድ! አሁን ያዙሩ! ቀስ!»

ክሩ ወደ ዛፉ ዞረ። ወንድሜ ክሩ ግንዱ ላይ ሊጠመጠም መሆኑን አየና ሊያስለቅቅ ዘሎ ውኃው ውስጥ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እስከ ጭኑ። እኔ የልጄን እጅ ጨብጬ ያዝኩ። የጮሁት አባቴ ናቸው።

«ውጣ! አዞ አለ ተብሏል! ውጣ ብዬሃለሁ!»

«አንድ ደቂቃ፣ ሊያመልጥ ነው...»

«ይሂድ! ዓሣው ይሂድ፣ አንተ ና!»

ወንድሜ ዞሮ አያቸው። ሱሪው ውኃ እየጠጣ ቀስ ብሎ ወጣ። አባቴ ዘንጉን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው የሸሚዙን ክንድ ጨብጠው ወደ ደረቁ ጎተቱት። በዚህ ሁሉ ዓሣው አልሄደም ነበር። ወንድሜ ከጎናቸው ቆሞ «አሁን ወደ ግራ፣ አባባ» እያላቸው፣ እሳቸው ወደ ግራ እያሉ፣ የታሰረው መንጠቆ ግንዱን ታክኮ አለፈና ዓሣው ወደ ሜዳው ውኃ ወጣ። መረብ ጣዩ ዳር ላይ በሁለት እጁ አነሳው። ቢልጫ ነበር፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ፣ ሆዱ ወርቃማ።

ልጄ አጠገቤ ሆና «እማዬ፣ አያቴ አጎቴን አናገሩት!» አለች። ቆነጠጥኳት። ሰምተዋል ግን።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ለእንግዳሽ...» ብለው ጀመሩ፤ አቋረጡ። ዓሣውን አዩ፣ የልጃቸውን እርጥብ ሱሪ አዩ። ከዚያ ቀጥታ ለእሱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለት ቀን ቆሜ ጠብቄሃለሁ» አሉት። «ፈረሱም ደከመው።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«አታውቅም። ና ወዲህ።»

ወንድሜ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አባቴ የዓሣ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ራሱ ላይ ጫኑ። በሀዲይኛ ነው የመረቁት፤ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው ያስታወስኩትን ነው። «ጌታ በመውጣትህም በመግባትህም ይጠብቅህ። በጥላው ያሳርፍህ። ክፉ ዓይን አያግኝህ፣ ክፉ መንገድ አይጥራህ። ስትሄድ ነግረኸኝ ሂድ። ስትመጣ ደጄን ክፍት አግኘው።» ባለቤቴ «አሜን» አለ። መረብ ጣዩም ባርኔጣውን አውልቆ «አሜን» አለ። እኔ ቆይቼ ነው ያልኩት፣ ብቻዬን።

ያን ቀን ሌላ ሁለት ዓሣ ያዙ፤ አንዱን ወንድሜ፣ አንዱን አባቴ። እኔ ከሃያ እርምጃዬ ወደ አሥር ቀርቤ አየኋቸው። ጎን ለጎን ቆመው ሲከራከሩ ዋሉ። «ቸኮልክ።» «አልቸኮልኩም አባባ፣ ዓሣው ነው የዘገየ።» «ሰበብ ከእዚያ አገር ነው ያመጣኸው?» አባቴ በዕድሜያቸው ዓሣ በልተው አያውቁም ነበር። መረብ ጣዩ በጨው ብቻ ጠብሶ ሰጣቸው፤ በቆጮ ጠቅልለው በሉ፤ እሾሁን አንድ በአንድ እያወጡ ድንጋይ ላይ ደረደሩት። «ይህን ሁሉ መርፌ የያዘ ፍጥረት ሌላ መንጠቆ ምን ያስፈራዋል» አሉ። ሹፌሩን ልንቀሰቅሰው ስንሄድ የዓሣ ሽታ ሸትቶት «ድርሻዬስ?» እያለ ነቃ። አስቀምጬለት ነበር።

ሰኞ አባቴ እስከ ሆሳዕና መናኸሪያ ሸኙት። እኔ ዓይናቸው አቧራ እንዳይነካው ብዬ እንቢ ብላቸውም አልሰሙኝም። አውቶቡሱ ሲወጣ ወንድሜ በመስኮት «አባባ፣ ሄድኩ!» አለ። እሳቸውም እጃቸውን አንስተው «ነግረኸኛል፣ ሂድ» አሉት። ተመልሰን ሻይ ጠጣን፤ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ፤ ለአስተናጋጇ «ልጄ ውጭ አገር ነው» አሏት። ያን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ይደውል ነበር። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ እንሰቱ ያወራሉ፣ ይጣላሉም። በመጨረሻው ጥሪው «ሱቄን ወደ ሌላ ከተማ እያዛወርኩ ነው፣ ስልኬም ሊቀየር ይችላል» ብሎ ነበር። አሁን አምስት እሁድ አለፈ። ባለቤቴ ሰፈር የለወጠ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጠፋል ይለኛል፤ ምናልባት ልክ ነው፣ እኔ ነገር አበዛለሁ። አባቴ ግን አሁን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ወሬውን የሚጠይቁት። እንደ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ የጃጁራ፣ የሆሳዕና፣ የሀደሮ፣ የሺንሺቾ ልጆች፣ ወይም ዘመድ እዚያ ያላችሁ፣ ሱቁን አዲስ ከተማ ላይ የከፈተ ረጅም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው የጃጁራ ሰው ያያችሁ ወይም የሰማችሁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን ንገሩኝ።